ሦስት ቀን የደበቅሁት ፎቶ

ዱካውን መጀመሪያ ያየሁት በሚያዝያ፣ ፍየል ልከትብ በሄድሁበት ጠዋት ነው። ከቆቦ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ ሲኬድ የሽንኩርት ማሳዎች አሉ። ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር የሚሳበው ውኃ በቦይ ሲፈስ ያድርና የቦዩ ዳር አፈር ጠዋት ጠዋት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። የረገጠው ሁሉ ይታወቅበታል። የክትባት ሳጥኔን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልሁ ቦዩን ልሻገር ስል ቆምሁ። ዱካው የውሻ ይመስላል፤ ግን ጠበብና ረዘም ያለ ነው። የኋላው እግር የፊተኛው በረገጠበት ላይ አርፏል፤ አካሄዱም እንደ ተዘረጋ ገመድ ቀጥ ያለ ነው። ውሻ እንዲህ አይሄድም። ውሻ ያሸታል፣ ይመለሳል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። ይሄኛው የሚሄድበትን ያውቃል።

"ምን ጠፋብሽ ልጄ?" አሉኝ ከወዲያ ማዶ።

ፍየሎቻቸውን ልከትብላቸው የመጣሁት ሽማግሌ ነበሩ። ሰባን ያለፉ፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው አስረው ሲራመዱ እኔን የሚያስከነዱ ሰው ናቸው። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ያለኝም ዲፕሎማ ነው። እሳቸው ግን ደስ ሲላቸው "ዶክተሯ"፣ ሲቆጡ "አንች ልጅ" ይሉኛል።

"ይህን ያውቁታል አባባ?"

ቦዩን ተሻግረው መጡ፤ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ዱካው ውስጥ አስገቡ።

"ተኩላ ነው" አሉ። "ከትናንት በስቲያ ምሽት ድምፁን ሰምቼ ጆሮዬ ነው ብየ ዝም አልሁ። ልጅ ሁኘ እዚህ አገር ሙሉ ነበር። ኋላ ግራሩ ተመንጥሮ ሲያልቅ እሱም ጠፋ። ወላሂ፣ ካየሁት ዘመን የለውም።"

"አሁን ምን አመጣው?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? ሐኪሟ አንች።" ቀና ብለው ወደ ተራራው ግርጌ አዩ። "ክልክሉ አድጓል። በዚያ በክፉው ጊዜ ደግሞ ሰው ጥሎት ሂዶ መሬቱ ጦም አደረ። አይጥ በላው። አይጥ ባለበት እሱ አይቀርም።"

ክልክል የሚሉት ከብት እንዳይገባበት፣ እንጨት እንዳይቆረጥበት ተብሎ ለዓመታት የተተወውን ተዳፋት ነው። በልጅነቴ ድንጋይ ብቻ የነበረው ቦታ አሁን ሰው ከገባበት የማይታይ ቁጥቋጦ ሆኗል።

ያንን ቀን ፍየሎቹን ከትቤ ተመለስሁ። ዱካውን ግን በስልኬ አንስቼው ነበርና ቢሮ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየሁ። ማንም ግድ አልሰጠውም። ከሳምንታት በኋላ ተኩላ የምታጠና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ወደ ቢሯችን መጥታ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ስትጠይቅ ግን ሁሉም በአንድ ላይ ወደ እኔ ጠቆሙ። ተመራማሪዋ አራት ካሜራ ሰጠችኝ። ዛፍ ላይ ይታሰራሉ፤ ፊታቸው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ ራሳቸው ያነሳሉ። የኔ ድርሻ በየሦስት ቀኑ ጠዋት እየዞርሁ ፎቶዎቹን መገልበጥ፣ ዱካና ዓይነ ምድር መፈለግ፣ ያየሁትን በመዝገብ መጻፍ ነበር።

እሽ ያልሁት ለተኩላው ብየ ነው ብል ውሸት ይሆናል። በጦርነቱ ጊዜ ተፈናቅለን ደሴ ቆይተን ከተመለስን ወዲህ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ወንበር ላይ ቁጭ ስል እግሬ ይንቀጠቀጣል። ምግብ ሲቀርብ ቆሜ እበላለሁ። መኪና በኃይል ሲያልፍ እነሳለሁ፤ ስልክ ሲጠራ እነሳለሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ ከግቢ እወጣለሁ። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ከሲንጀሯ ፊት አትነቃነቅም።

"ምን ሁነሽ ነው አንች?" ትለኛለች። "ቤቱ ይቆነጥጥሻል? እስቲ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ቁጭ በይ።"

እኔ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ለመውጣት ምክንያት አገኘሁ። ማንም የት ትሄጃለሽ ቢለኝ "ሥራ" እላለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ካሜራው ውስጥ ተኩላ የለም። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አሉ። ጅብ አለ፤ ጥርኝ አለች፤ ማንም አያየኝም ብሎ ቁጥቋጦ ሥር የተቀመጠ ሰውየ አለ፤ እሱን ቶሎ ብየ አጠፋሁት። ከዚያ በግንቦት አንድ ጠዋት ክልክሉ ውስጥ ካሜራ ስፈታ ሁለት ሚሊሻዎች ደረሱብኝና ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ።

አልፈረድሁባቸውም። ያን ሁሉ ያየ አገር ዛፍ ላይ የታሰረ ካሜራ ሲያገኝ ዝም አይልም። ሊቀመንበሩ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "ለማን ነው የምትልኪው?" አለኝ። ደብዳቤ አለኝ፤ አሳየሁት። አነበበው፤ መልሶ አነበበው። "ተኩላ" የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ፊቱን ያኮማትራል። ወንበር ሰጥተውኝ መቀመጥ አልቻልሁም።

ሽማግሌው ከየት እንደ ሰሙ አላውቅም፤ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። "ይችን ልጅ ምን አደረጋችኋት? ፎቶውን ተመልከቱትና ጥርጣሬው ይልቀቃችሁ" አሉ።

ሚሞሪውን ስልኬ ላይ ሰክቼ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ጅብ። ጥርኝ። ጅብ። ከዚያ ክልክሉ መሐል በደንብ የምትግጥ፣ ግንባሯ ነጭ የሆነ ቀይ ላም።

"ይች ላም የማን ናት?" አለ አንደኛው ሚሊሻ።

ሽማግሌው ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው አዩና "ጌታው፣ የአንተ አይደለችም እንዴ?" አሉት ሊቀመንበሩን።

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። ካሜራውን መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም፤ ላሟንም ክልክሉ ውስጥ ድጋሚ አላየኋትም።

ተኩላዋን ያገኘኋት በሰኔ ነው። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቆርጧል፤ በዚያ ለየኋት። በፎቶው ላይ አንገቷን ዘርግታ፣ ጎንዋ ከረጢት ያዘለ መስሎ ሆዷ ወርዶ ታልፋለች። እርጉዝ ናት። ስልኩን ይዤ ብቻዬን ቁጥቋጦ ውስጥ "ነይ እስቲ፣ ነይ እስቲ" እያልሁ ከፍ ባለ ድምፅ ሳወራ ራሴን ሰማሁት። ባሏ፣ ደረቱ ገረጣ ያለው ትልቁ ተኩላ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ መጣ። በነሐሴ መጨረሻ ጎርፍ በቦረቦረው ገደል ጎን ላይ ጉድጓዳቸውን አገኘሁ። በማግሥቱ በሩቅ ሆኜ ሦስት ቡችሎች ተራ በተራ ብቅ ሲሉ አየሁ። ዓይነ ምድራቸው በአይጥ ጠጕር የተሞላ ነበር። በእንጨት ፈርፍሬ ለሽማግሌው ሳሳያቸው አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ።

"አርን እንዲህ ሲያነቡት አይቼ አላውቅም" አሉ። "የማሽላዬን ሌባ ከበላልኝ ግን አላህ ይጨምርለት።"

በዚያ ክረምት እረፍት የማጣቴ ነገር ቀለል ያለ ይመስለኝ ነበር። ቀለል አላለም፤ የሚሄድበት ቦታ አገኘ እንጂ።

ስለ ውሻችን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ስንፈናቀል ዳማ መልክ ያለውን ውሻችንን ጥለነው ነበር የሄድነው። መኪናው ላይ ቦታ አልነበረም። ከወራት በኋላ ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ የእህቴ የድሮው ሲንጀር ጠፍቶ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ አገኘነው፤ ውሻው ግን ደጃፉ ላይ ቆሟል። አጥንቱ ይቆጠራል። እህቴ ስለ ቤቱ አላለቀሰችም፤ ስለ ሲንጀሩም አላለቀሰችም። ውሻውን ስታይ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምትበላው ታጎርሰዋለች። እሱ ግን ከእንግዲህ የግቢ ውሻ አልነበረም። ምሽት ሲሆን አጥር ዘሎ ይወጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ተመልሶ በሩ ላይ ይተኛል። "የለመደውን ነው፤ ተይው" ትላለች እህቴ። እኔም ተውሁት።

በመስከረም፣ መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሽማግሌው ማሳ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ስልክ ደወለልኝ። አብረን የተማርን ነን፤ እኔ ወደ ኮሌጅ ስሄድ እሱ ወደ አባቱ መሬት ተመለሰ። "ነይና ተኩላሽ የሠራውን እይ" አለኝና ዘጋው።

ስደርስ ጉሮኖው ውስጥ አምስት በጎች ተዘርግተዋል። ሁለቱ እርጉዞች ነበሩ። ሚስቱ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ጓንቴን አጥልቄ ቁስላቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ታፋቸው፣ ጭራቸው ሥር፣ ጎናቸው ተቦጫጭቋል። አንዱም አልተበላም።

"ተኩላ አይደለም" አልሁት። "ተኩላ ቢሆን አንዲት ግልገል ጉሮሮዋን ይዞ፣ ጎትቶ ይወስድ ነበር። ይህ የውሻ ሥራ ነው። የአንድ ውሻ ብቻም አይደለም።"

"ውሻ ዕድሜ ልኩን እዚህ አለ" አለኝ። "ያኔ በጌን ነክቶት አያውቅም። ተኩላው ከመጣ ወዲህ ግን አምስት በግ። አንች ጠበቃው ሁነሽ መጣሽ እንጂ ሐኪም ሁነሽ አልመጣሽም።"

"ካሜራ ልሰርልህ። የነካ ይመለሳል። ከተመለሰ እናየዋለን።"

ሚስቱን አየ። ከዚያ "እሽ። እስከ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ። ከቅዳሜ በኋላ ግን እንዳትናገሪኝ" አለኝ።

ምን ለማለት እንደ ፈለገ ገብቶኛል። ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ቤት የተባይ መድኃኒት አይጠፋም።

ሁለት ካሜራ ጉሮኖው ትይዩ አሰርሁ። በሁለተኛው ጠዋት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ ሄጄ ሚሞሪውን ስልኬ ላይ ሰካሁት። አራት ውሾች ናቸው። ሦስቱን አላውቃቸውም። አጥሩ ላይ የፊት እግሩን ሰቅሎ በእሾሁ መሐል አፍንጫውን የከተተው፣ ከሁሉም ፊት ያለው፣ የኛ ውሻ ነው። ደረቱ ላይ ያለችው ነጭ እንኳ ትታያለች። እህቴ ከቁራጭ ጨርቅ ሰፍታ ያጠለቀችለት ሰማያዊ ማሰሪያ አንገቱ ላይ አለ።

እዚያው ተቀመጥሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ፤ ግን ዕረፍት አልነበረም። በአገራችን በግ የቀመሰ ውሻ አይኖርም፤ ይገደላል። እህቴን አሰብሁ። ከዚያ ራሴን አሰብሁ፦ ተኩላ እቆጥራለሁ የምትለው ሴት የገዛ ውሻዋ የሰው በግ ሲጨርስ አላወቀችም። አገር ይስቅብኛል። እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ፤ በዚያ መሐል ውሻውን አስሬ፣ ለእህቴ ነግሬ፣ መላ እፈልጋለሁ ብየ ፎቶውን ሌላ ማህደር ውስጥ ከትቼ ሸሸግሁት።

ረቡዕ ለእህቴ አልነገርኋትም። ስትመግበው አይቼ ወጣሁ። ሐሙስ ገበያ መንገድ ላይ ገበሬው አገኘኝ።

"ምን ወጣ?" አለኝ።

"ምንም" አልሁት።

"ምንም?"

"እስካሁን ምንም።"

ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። እኔም ወደ ቤት ሄድሁ፤ ከቤት ወጣሁ፤ እንደገና ገባሁ። አርብ ቢሮ ውዬ አንድ መስመር አልጻፍሁም። ሰባት ጊዜ ስልኬን አውጥቼ ለገበሬው ልደውል ስል መልሼ ከተትሁት። ውሻውን በገመድ አሰርሁት፤ እህቴ "ምን አደረገ?" ስትለኝ "እብድ ውሻ አለ ተብሏል" አልኋት። ያም ውሸት ነው። ምሽቱን ገመዱን በጥርሱ በጥሶ እንደ ልማዱ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ደወሉ። ያለወትሯቸው ሰላምታ አላበዙም። "ነይ" ብቻ አሉኝ።

ከቦዩ ዳር፣ የማሽላው ማሳ ጫፍ ላይ ተኝታለች። እግሮቿ ተዘርግተዋል፤ አፏ ዙሪያ አረፋ ደርቋል፤ ጥርሷ መሬቱን ነክሶ አፈር ይዟል። የግራ ጆሮዋን አልነካሁትም፤ ከሩቅ አውቄያታለሁ። ከእሷ ራቅ ብሎ መርዝ የተቀባ የበግ ሬሳ አለ፤ አጠገቡ ሁለት ቁራዎች ሞተው ወድቀዋል። ሥራዬ ነውና ጓንቴን አጥልቄ ተንበርክኬ መረመርኋት። ጡቶቿ ደርቀዋል። ቡችሎቹ ከወተት ወጥተዋል ማለት ነው፤ ቢያንስ ያ ይሁን አልሁ። ከዚያ ጓንቴን አወለቅሁ።

"ማን እንዳደረገው አትጠይቂኝ" አሉ ሽማግሌው። "ታውቂዋለሽ። ቃሉን ግን አፍርሷል፤ እስከ ቅዳሜ ብሎ ነበር።"

"እኔ ነኝ ያፈረስሁት አባባ።"

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ውሻችንን ያውቁታል፤ ቤት መጥተው በሩ ላይ ጮኾባቸው ያውቃል። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"መቼ ነው ይህ?"

"ረቡዕ።"

ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ወደ ተራራው ዞረው ቆሙ፤ ከዚያ "ለኔ ምን ይሠራልኛል? ለሱ ንገሪው። ተነሽ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ" አሉ።

ገበሬው ግቢው ውስጥ ሞፈር እየጠረበ ነበር። ሲያየን መጥረቢያውን አስቀመጠ፤ ልንሰድበው የመጣን መስሎት ፊቱን አጠንክሮ ጠበቀን። ስልኩን ሰጠሁት። አየው። ጣቱን ሰማያዊው ማሰሪያ ላይ አደረገ።

"ይህ የናንተ ውሻ አይደለም?"

"የኛ ነው።"

"ሐሙስ ጠይቄሽ ነበር።"

"ጠይቀኸኝ ነበር።"

"ምንም አልሽኝ።"

"አዎ።"

የጠረበው እንጨት ላይ ተቀመጠ። ይጮኻል ብየ ነበር፤ አልጮኸም። "በማርያም፣ ሐሙስ ብትነግሪኝ ኖሮ አላደርገውም ነበር" አለ። "አርብ መርዙን በጠበጥሁት። ሌሊቱን ልጆቼ ወጥተው ይነኩት ይሆን ብየ ሳልተኛ ነው ያደርሁት። ለማን ብየ ነው እንዲህ የሆንሁት? በጌን ለነካ? እሷ አልነካችኝም።"

ሽማግሌው አጠገቡ ተቀመጡ። "አሁን ሁለታችሁም ተነሡ" አሉ። "መጀመሪያ ሬሳው ይቀበር። ሌላ ነፍስ ሳይበላው። ሽምግልናው ከዚያ በኋላ ነው።"

ጉድጓዱን ሦስታችን ቆፈርን። በሚገባ ጥልቅ እንዲሆን፣ ውኃው ከሚያልፍበት እንዲርቅ እኔ አመለከትሁ፤ ገበሬው ቆፈረ፤ ሽማግሌው አፈር ገፉ። በጉንም፣ ቁራዎቹንም፣ እሷንም አንድ ላይ ከተትናቸው። የተረፈ መርዝ ያለበትን ዕቃ ተቀብየው ወደ ቢሮ ወሰድሁ። ስንጨርስ ገበሬው እጁን ደጋግሞ ታጠበ፤ እኔም ታጠብሁ።

ሽማግሌው በሰኞው ሽምግልና ተቀመጡ፤ ሁለት ሌሎች ሰዎችም አስከተሉ። የተባለው አጭር ነው፦ ውሻው ከእንግዲህ በሰንሰለት ይታሰር፤ ለሞቱት በጎች ምትክ ይግባ፤ እኔ ደግሞ ያየሁትን ማንም ሳይጠይቀኝ ልናገር። ሦስተኛውን የጨመሩት ሽማግሌው ናቸው። ገበሬው ውሻው ይገደልልኝ ለማለት መብት ነበረው። አላለም። "እሱም እንደ ሰው ተርቦ ነው የለመደው" ብሎ ተወው።

ለእህቴ የነገርኋት ከሽምግልናው በፊት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ ሰማችኝ። ፎቶውን ማየት አልፈለገችም።

"ለኔ ብለሽ ነው የደበቅሽው?" አለችኝ።

"ግማሹ ላንች ነው። ግማሹ ለራሴ።"

"ለኔ የሚለውን ተይው" አለች። "እኔ እንድትዋሽ አልጠየቅሁሽም።" ከዚያ ወጥታ ውሻው አጠገብ ቁጭ አለች። ጎብዬ ያሉት የእናታችን ዘመዶች ዘንድ ለርቢ የሰጠቻቸው በጎች ነበሯት፤ ከእነሱ አስመጥታ ለገበሬው ሚስት በእጇ አስረከበች። ሰንሰለቱንም የገዛችው እሷ ናት። እኔን ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ከ"ብይ" እና "ጠጭ" በቀር አላናገረችኝም።

ውሻው ሰንሰለቱን አልተቀበለም። ቀኑን ሙሉ ግማሽ ክብ እየሠራ ይመላለሳል፤ መሬቱን ፈልጦ ቦይ አወጣበት። ምሽት ሲሆን ያላዝናል፤ እህቴ ስፌቷን አቋርጣ ትነሳለች፤ ትቀመጣለች፤ ትነሳለች። አሁን ሁለታችንም የማንቀመጥ ሆንን። እኔ ቢሮውን ጎትጉቼ ክትባት አስመጥቼ በየሰፈሩ ያሉ ውሾችን ከተብሁ፤ ቤት ለቤት ስዞር "የናንተን እሰሩ" ከማለቴ በፊት የኛ ምን እንዳደረገ እናገር ነበር። የሳቀብኝ አለ። አብዛኛው ሰው ግን ሰምቶ የራሱን ውሻ ዞር ብሎ ያያል።

ቡችሎቹን ማሰብ አላቆምሁም። ጉድጓዱ ባዶ ነበር። በየሦስት ቀኑ የነበረው ዙረት የየቀን ሆነ። በጥቅምት መጀመሪያ ከክልክሉ በላይ ያለው ካሜራ አባትየውን አነሳው። አፉ ውስጥ ሦስት ወይም አራት አይጥ ጭራቸው ተንጠልጥሎ ይታያል። ለራሱ ቢሆን እዚያው ይበላው ነበር፤ ለሌላ ነው የተሸከመው። በሳምንቱ ሁለት ቡችሎች ኋላው ኋላው እየሮጡ መጡ። ሦስተኛውን ጠበቅሁት። ሦስተኛው ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ አልመጣም። በመርዙ ይሙት፣ በጅብ ይሙት፣ ወይ በረኃብ፣ አላውቅም። መዝገቡ ላይ "አልታየም" ብየ ጻፍሁ።

በኅዳር ማሽላው ሲታጨድ ሜዳው ሁሉ ገላጣ ሆነ። መደበቂያ የለም። እጅግ የፈራሁት ያንን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ገበሬው ቢሮ ድረስ መጣ። ከሽምግልናው ወዲህ ቢሮ መጥቶ አያውቅም። ሳይቀመጥ ስልኩን ሰጠኝ፤ ቪዲዮ ነው። በማሽላ ነዶዎች መሐል ሁለት ወጣት ተኩሎች እየዘለሉ አይጥ ሲይዙ ይታያል። ከጀርባ የሱ ድምፅ "ዝም በሉ፣ ዝም በሉ፣ እንዳታስደነግጧቸው" ሲል ይሰማል፤ ልጆቹን ነው።

"በማሳየቴ ምን አገኛለሁ ብየ አይደለም" አለኝ። "ማየት ያለብሽ መስሎኝ ነው።"

"እግዜር ይስጥህ" አልሁት። ቪዲዮውን ደግመን አየነው።

ተመራማሪዋ በጥር ስትመጣ መዝገቡን አንድ በአንድ ተመለከተችው። የተኩላዋ ሞት የተጻፈበት ገጽ ላይ ቆመች። "ምክንያት" በሚለው ቦታ ላይ "መርዝ" ብየ፣ ከሥሩ ደግሞ ፎቶውን ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ እንደደበቅሁት በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፌያለሁ።

"ይህን መጻፍ አይጠበቅብሽም ነበር" አለችኝ።

"ካልተጻፈማ ገበሬው ብቻውን ጥፋተኛ ይመስላል።"

"እሺ" አለችና ገጹን ገለጠች። ሥራውን ታስተወኛለች ብየ ነበር። እሷ ግን ከዋጃ ወዲህ ባለው በኩልም ዱካ ታየ መባሉን ነግራኝ ሁለቱን ካሜራዎች ወደዚያ እንድወስዳቸው ጠየቀችኝ።

በማግሥቱ ካሜራዎቹን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ዋጃ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርሁ። መቀመጫዬ በመስኮቱ በኩል ነበር፤ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጣል። ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ፌስታሉን ከፍቶ ካሜራዎቹን አገላበጠ፤ ደብዳቤውን ሰጠሁት።

"ምን ፍለጋ ነው የምትሄጅው?" አለኝ።

"ተኩላ።"

ደብዳቤውን ትቶ እኔን አየኝ። "ከብት የጠፋበት ሰው በየቀኑ ያልፋል" አለ። "ተኩላ የጠፋበት ሰው ግን አንች የመጀመሪያዬ ነሽ።" ከዚያ ፌስታሉን በጥንቃቄ አስሮ መለሰልኝ፤ ክንዱን ወደ ምሥራቅ ዘርግቶ "እዚያ፣ ከድልድዩ አልፎ ካለው ቁልቋል ዘንድ ጠይቂ። እረኞቹ ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ያልፋል ይላሉ" አለኝ። ሌሎቹ ተፈትሸው ሚኒባሱ ላይ እስኪሳፈሩ አልጠበቅሁም። በእግሬ ሄድሁ።